ወደ እመቤታችን የዞረ ፊት

በሰፈራችን የማርያም ንግሥ ቀን፣ ቅዳሴው አብቅቶ ሰው የመቅደሱን ሥዕሎች ሊሳለም ሲጋፋ፣ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ከሁሉም ኋላ ይቀራል። አንድ ዓይኑን ይጨፍንና ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ይከፍታል። እንዲህ ሆኖ ረጅም ጊዜ ይቆማል። የማያውቀው ሰው እየባረከ ይመስለውና፣ ከመቼ ወዲህ ነው የቀሰሰው ብሎ ያጉረመርማል። የሚያውቀው ግን ዝም ብሎት ያልፋል። ሰውየው ቀጄላ ሮበሌ ይባላል። የሚያየውን ሥዕል የሳለው እርሱ ራሱ ነው።

ቀጄላ የተወለደው ላፍቶ ነው። አባቱ ሮበሌ የባላምባራስ መኩሪያ ጭሰኛ ነበር፤ ቀጄላም ከአባቱ በሬውንና ጭሰኝነቱን ወረሰ። ያ መሬት ጥንት የእነ ሮበሌ አያቶች የራሳቸው እንደነበረ ሽማግሌዎች ያወራሉ። ወሬ ግን ርስት አይሆንም። ቤተሰቡ አርሶ፣ ከምርቱ ለባላምባራስ ገብሮ፣ በተረፈው ያድር ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ አለቃ ክንፉ የሚባሉ ሠዓሊ ከጎጃም መጡ። ቀጄላ ያኔ ገና ጢሙ ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነው። ለምርጊት የሚሆን ጭድ ተሸክሞ መጣና፣ አለቃ ቀለም ሲፈጩ አይቶ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ ይላሉ። አለቃም ጭዱን አውርድና ድንጋዩን ያዝ አሉት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እጃቸው ሥር ዋለ። ፊደል አላስቆጠሩትም። ቀለም አስቆጠሩት።

አለቃ ክንፉ ሁለት ነገር አስተማሩት። አንደኛው ስለ ቅርጽ ነው። ክብ ነገር ልብን ያረጋጋል ይሉ ነበር፤ የእናት ጡት ክብ ነው፣ ዳቦ ክብ ነው፣ ብርድ የመታው ሕፃንም ሲተኛ ክብ ሆኖ ነው። ሹል ነገር ግን ያስፈራል፤ እሾህ፣ ጦር፣ የጅብ ጥርስ። ስለዚህ እመቤታችን ስትሳል ከራሷ እስከ እግሯ አንድም ሹል ነገር አይኖርባትም፤ ዲያብሎስ ደግሞ ክርኑ ሳይቀር ሹል ነው። ቀለምም እንዲሁ ነው። ሰማያዊው ሰፋ ብሎ ከተቀባ ሰው ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቀዩ ትንሽ ሆኖ በመካከል ከገባ ልቡ ይነካል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዓይን ነው። ይህን አለቃ ባያስተምሩትም ያውቀዋል፤ በአገራችን የማያውቅ የለም። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አቅንቶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ከሐዲ፣ ሰቃይ፣ ጋኔን ግን በጎን ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ይሁዳም የሚታወቀው በዚያው ነው። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ባለ አንድ ዓይን ሥዕል ሲያይ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ያማትብና ያልፋል። አንዳንዱ ባለጌም በጥፍሩ ይፍቀዋል።

ቀጄላ ሁለቱንም ትምህርት ያዘ። በልቡ የቀረው ግን የመጀመሪያው ነው። በረከቱም መከራውም የመጡት ከዚያ ነው።

አለቃ ክንፉ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆይ መሞታቸው ተሰማ። ቀጄላ እርሻውን እያረሰ፣ እርሻ በሚያርፍበት ወራት በጅማ መንገድ ዳር ላሉ ሱቆችና ጠጅ ቤቶች ሰሌዳ ይስል ጀመር። የመጀመሪያዋ ደንበኛው ወይዘሮ ኤሌኒ የምትባል የጠጅ ነጋዴ ነበረች። አንበሳ፣ ባንዲራና ጎራዴ የታጠቀ ሰው እንዲስልላት አዘዘችው። እርሱ ግን ጥቁር ቡናማ የተቀባ ሰሌዳ ላይ አንዲት ቢጫ ክብ ስሎ፣ ከላይዋ አጭር አንገት ሠርቶላት፣ ከጫፏ አንዲት ቀይ ነጥብ አሳርፎ መጣ።

«አንበሳ ብዬህ ቅል አመጣህልኝ?» አለችው።

ብርሌ ነው አላት። እርሷም ብርሌማ እኔም ቤት ሞልቷል ብላ ሰሌዳውን ወደ ጓዳ ልትከት ስትል፣ ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ያንን ቢጫ ክብ እያየ ምራቁን ዋጠ። ኤሌኒ ሰሌዳውን መልሳ ራሷ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ ቀጄላን ባየችው ቁጥር «አንተ ባለ ቅል» እያለች ታሾፍበት ነበር፤ ሰሌዳው ዝናብ ሲያደበዝዘው ግን ሌላ ሠዓሊ አታስነካውም።

ጎረቤቱ ሞልቱ ሚስቱ በሞተችበት ዓመት፣ በመቃብሯ ላይ የሚተከል ሥዕል በቆርቆሮ እንዲሠራለት ለመነው። ቀጄላ የሴትዮዋን መልክ አልሳለም። ሦስት ትናንሽ ቀያይ ክቦች አንድ ላይ ተጠጋግተው፣ ከእነርሱ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ አመድማ ክብ ብቻውን ሳለ። ሞልቱ ሦስት ልጆች አሉት። ቆርቆሮውን ተቀብሎ ትንሽ ካየው በኋላ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ሰዎች ያኔ ነው ለቀጄላ የተሰጠው ጸጋ የገባቸው። እግዚአብሔር ለአንዱ ድምፅ፣ ለአንዱ ጉልበት ይሰጣል፤ ለእርሱ ደግሞ በአንድ ክብ ሰውን የሚያስቀምጥ እጅ ሰጠው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከመካኒሳ ወዲህ ቪላ ቤቶች ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች እየመጡ ማሳውን ከዳር ሆነው ያዩ፣ ያወሩ፣ ይሄዱ ነበር። ባላምባራስ መኩሪያ መሬቱን ሊሸጡት ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ጭሰኛ መሬቱ ሲሸጥ የሚሄድበት የለውም፤ ቤቱ እንኳ በሰው መሬት ላይ የቆመ ነው። የቀጄላ ሚስት ንግስት ባርኔጣ ያየች ቀን እህል አይወርድላትም ነበር።

በዚያው ሰሞን የባላምባራስ ልጅ ፅጌረዳ ተስቦ ይዟት ለሞት ደረሰች። አባቷ ልጄን ብታተርፊልኝ ሥዕልሽን አሠርቼ አስገባለሁ ብለው ለማርያም ተሳሉ። ልጅቷም ዳነች። ባላምባራስ ከከተማ ሠዓሊ ሊያስመጡ ሲያስቡ፣ ማሞ የሚባለው ወኪላቸው ከጭሰኞቻችን አንዱ ይችላል አላቸው። ቀጄላ ተጠራ።

ደመወዝ አልጠየቀም። ደጃፋቸው ላይ ቆሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ መሬቱ ቢሸጥ እንኳ ቤቱና ጓሮው እንዳይነኩበት። ባላምባራስ ሳቅ ብለው፣ «ሥዕሉን አሳምረው እንጂ ማን ይነካሃል» አሉት። ማሞ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል።

እንግዲህ የቤቱ ዕጣ በእጁ ሥራ ላይ ወደቀ።

ሥዕሉ በሸራ ተሠርቶ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከላይ፣ ባለስለቱ ከግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ እግር ሥር ይሳላል። ቀጄላ እመቤታችንን እንደ ተማረው ክብና ሰማያዊ አድርጎ ሳላት፤ ትከሻዋ እንደ ኮረብታ ጎበጥ ብሎ ወደ ታች ያዘነብላል። ከዚያ ወደ ባላምባራስ መጣና እዚያ ላይ ቆየ። ንግስት እንደምትለው፣ ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ ሳይበላ ወደ ሸራው ይሄድና ያንኑ ጀርባ ሲቀባ፣ ሲፍቅ፣ መልሶ ሲቀባ ይውላል።

ባላምባራስ በንግሥ ቀን የሚለብሱት ወርቅ የተጠለፈበት ጥቁር ካባ አላቸው። ቀጄላ ካባውን አልሳለውም። የሳለው አንድ ጎባጣ ጀርባ ብቻ ነው፤ ጌጥ የሌለው፣ ጠርዝ የሌለው፣ አዲስ የታረሰ መሬት ቀለም ያለው ግማሽ ክብ። ከእመቤታችን ሰማያዊ በታች ያ ቡናማ ጉብታ ሲታይ፣ ማንም ሰው የራሱን ኃጢአት ማሰብ ይጀምራል። ቀጄላ አንድ ቀን ለሚስቱ እንዲህ አላት፤ ይህን ሰውዬ ዕድሜዬን ሙሉ ጠልቼዋለሁ፤ ጀርባውን ስስል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

ንግስትም፣ «ማዘኑን በልብህ ያዘውና ሥዕሉን ጨርስ። እኛ ቤታችን ይዳን» አለችው።

ፊቱን እንደ ሥርዓቱ ሠርቶት ነበር፤ ሰውየው ተደፍቶም ቢሆን ፊቱ ወደ ሕዝቡ ቀንቶ፣ ሁለት ዓይን ይዞ። ባላምባራስ ማሞን አስከትለው ሊያዩ መጡ። ካባዬ የት አለ ይላሉ ብሎ ቀጄላ ሲፈራ፣ እርሳቸው ያንን ጀርባ ረጅም ጊዜ አዩት። ልጃቸው ታማ በነበረ ጊዜ በደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ሳይነሡ ማደራቸውን ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ሌሊት ያሰቡ ይመስለኛል። ከዚያ ፊቱን አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እኔ የማየው ወዴት ነው?»

«ወደ ሕዝቡ ነው ጌታዬ። ሥርዓቱ ነው።»

«ልጄን ያዳነልኝ ሕዝቡ ነው? ወደ እርሷ አዙረኝ።»

ቀጄላ ሊያስረዳ ሞከረ። ፊቱ ከዞረ በጎን መሆኑ ነው፤ በጎን ከሆነ ደግሞ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው አለ። የቀረውን ሊናገረው አልቻለም። ጭሰኛ ለባለመሬቱ፣ እንዲህ ከሆነ ይሁዳን ይመስላሉ ብሎ በምን አፉ ይናገራል? ባላምባራስም የሚያውቁትን ነገር አላሰቡትም። ሰው ስለ ራሱ ሲሆን የሚያውቀው ይጠፋበታል።

«እርሷን ለማየት አንድም ይበቃኛል» አሉ።

ቀጄላ ይህን ቃል ወደደው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ ሰው አፍ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ደግሞም በቅርጹ ተማመነ። ያንን የጎበጠ ጀርባ ያየ ሰው ዓይን መቁጠሩን ይረሳል፤ ክፉ ሰው እንዲህ አይጎብጥም ብሎ ለራሱ ነገረው። የሚያማክረው አለቃ ክንፉ በሕይወት የሉም። ማሞ ነገሩ ገብቶታል ይባላል፤ ግን ትንፍሽ አላለም። ቀጄላ ፊቱን ወደ እመቤታችን አዞረው፤ ያችንም አንድ ዓይን በእንባ የሞላች አድርጎ ሳላት።

ሥዕሉ ለአስተርዮ ማርያም ተገለጠ። መጋረጃው ሲሳብ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ እልልታው በመካከል ደከመ። እማማ አማከለች የሚባሉ ባልቴት ከፊት ቆመው ነበርና ጎንበስ ብለው ግርጌውን አዩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ለመናገርም አልነበረም። ለጎረቤታቸው ያንሾካሾኩ መስሏቸው ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣

«ውይ፣ ባላምባራስን ባለ አንድ ዓይን አደረጓቸው? እንኳን አወቁባቸው» አሉ።

ከኋላ ከጭሰኞቹ መካከል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌላው ነጠላውን አፉ ውስጥ ወተፈ። በቤተ መቅደስ መሳቅ ኃጢአት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ስንት ዓመት የታመቀ ነገር ነውና አላቆም አለ፤ አንዳንዱማ እንባው ወርዷል። ፅጌረዳ አባቷ አጠገብ ቆማ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ባላምባራስ ከበሮው ሳይመታ ወጡ።

በማግስቱ የቀጄላ ግቢ በሰው ሞላ። ጠላና ዳቦ ይዘው መጡ። እጅህ ይባረክ፣ አንበሳ፣ የልባችንን ሠራህልን አሉት። ቀጄላ ለስድብ እንዳልሳለው፣ ባላምባራስ ራሳቸው አዙረኝ እንዳሉት፣ ሰውየውን እንደ ንስሐ ገቢ አድርጎ እንደሳለ ነገራቸው። እነርሱ እየተጠቃቀሱ ሰሙት።

«ገባን፣ ገባን» አለ ሞልቱ። «አዎ፣ ማለት ያለብህ እንዲሁ ነው።»

ስለ ጀርባው አንድም ሰው አልጠየቀውም። ንግስት እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ እያመሰገነው እርሱ ከአባቱ ሞት ቀን ይልቅ አዝኖ ዋለ። በአንድ ክብ ያስለቅስ የነበረ እጅ፣ በአንድ ዓይን አሳቀ።

ቀጥሎ ማሞ መጣ፤ የባላምባራስን ቃል ይዞ። ቀጄላ ድንጋይ ተሸክሞ በሕዝቡ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፤ በተንኮል ማድረጉን ይናገር፤ ሁለተኛውን ዓይን ይሳል። ይህን ካደረገ ቤቱ እንደተባለው ይሆንለታል። እምቢ ካለ ከፋሲካ በፊት ይልቀቅ።

ቀጄላ ድንጋዩን እሸከማለሁ፣ ዓይኑንም እስላለሁ አለ። በተንኮል ግን አላደረግሁም፤ በማርያም ሥዕል ላይ እንዴት እዋሻለሁ አለ።

ማሞ ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳው። «በስህተት ነው ካልክ እኮ፣ ያሳሳቱህ እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ያዘዙህ እሳቸው ናቸዋ። ተንኮል ካልክ ግን ያንተ ይሆንና ይምሩሃል። ሰው ያላጠፋውን እንዴት ይማራል?»

ማሞ ሲሄድ ቀጄላ ሚስቱን አያት። «እውነቱን እመቤታችን ታውቃለች» አለች ንግስት። «ድንጋዩን ተሸከም።»

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ፣ ቀጄላ ከራሱ ደጃፍ የመርገጫውን ድንጋይ ነቅሎ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መጣ። የለበሰው አሮጌ ጋቢ ከአፈር የተነሣ መልኩን ለውጦ ቡናማ ሆኗል። ባላምባራስ በወንበር ተቀምጠዋል፤ ካህናቱ በግራ በቀኝ ቆመዋል። ቀጄላ ከእግራቸው በታች ሲጎነበስ፣ ንግስት ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችውና አፏን በእጇ ያዘች። ጀርባው ያ ጀርባ ነው። ሲቀባው፣ ሲፍቀው፣ መልሶ ሲቀባው የከረመው ያ ጉብታ፣ አሁን ድንጋይ ተጭኖበት ከመሬቱ ላይ ነበር።

«በስህተት ነው ወይስ በተንኮል?» አሉ ባላምባራስ።

ቀጄላ ቀና ሳይል መለሰ።

«በተንኮል ነው ጌታዬ። ይማሩኝ።»

ጭሰኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ኩራት ተሰማቸው። ባላምባራስ ተነሥተው እንደ ልማዱ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለትና፣ እግዚአብሔር ይማርህ አሉት። ካህናቱም አሜን አሉ።

ጾሙን ሙሉ ቀጄላ ሥዕሉን ሲያርም ከረመ። በጎን በተሳለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን አይገባም፤ ፊቱን በሞላ ፍቆ መልሶ ወደ ሕዝቡ ማቅናት ነበረበት። እንባ ያቀረረችው ያች ዓይን ጠፋች። በምትኳ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ገቡ። ቤት ሲመጣ ቀለሙን ከእጁ ሳይታጠብ ይተኛ ነበር አለችኝ ንግስት።

ፋሲካ ዋለ። ጾም በተፈታ በሳምንቱ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ የያዙ ቀያሾች መጡና ከማሳው ጀምረው ችካል ተከሉ። አንዱ ችካል በቀጄላ ጓሮ፣ ከጎመኑ መካከል ነበር። ቀጄላ ወደ ማሞ ሮጠ። ማሞ ይቅርታ ሌላ፣ መሬት ሌላ አለው። ወደ ባላምባራስ ደጅ ሄዶ ጠና። በመጨረሻ ወጡና አነጋገሩት፤ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውም ለስላሳ ነበር ይላል።

«ቂም የያዝኩብህ እንዳይመስልህ፤ ያንተን ጥፋት ይቅር ብያለሁ። መሬቱ ግን ከጥቅምት ጀምሮ የሰው ነው።»

ጥቅምት! ሥዕሉ ገና በአግባቡ ሳይጀመር፣ ድንጋዩ ከደጃፉ ሳይነቀል፣ ያ ውሸት ከአፉ ሳይወጣ፣ ቤቱ ተሽጦ አልቆ ነበር። ሥዕሉ ቢያምርም ባያምርም፣ ዓይኑ አንድም ቢሆን ሁለት፣ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ቀጄላ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሰኔ ገብቶ ሌላው አገር ሲያርስ፣ የላፍቶ ጭሰኞች ቤታቸውን አፈረሱ። ግማሹ ወደ ለቡ፣ ግማሹ ከዚያም አልፎ ወደ ዘመድ ተበተነ። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ዞረ። ትናንት ጠላ ይዘው የመጡት፣ ባላምባራስን ባያስቀይማቸው ኖሮ ማን ይነቅለን ነበር ይሉ ጀመር። ቀጄላ ምሰሶውን በትከሻው ተሸክሞ ሲያልፍ ሞልቱ መንገድ ላይ አገኘው።

«ተንኮልህ ይኸው» አለው። «አንተ ስቀህ እኛ ተነቀልን።»

ቀጄላ በተንኮል አላደረግሁም ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። በታቦቱ ግቢ፣ በካህናቱ ፊት፣ በራሱ አንደበት በተንኮል ነው ያለ እርሱ ነው። ሞልቱም ሰምቷል። መሬቱ ከጥቅምት ጀምሮ የተሸጠ ነው ብሎ ቢናገርም፣ ተንኮለኛ መሆኑን ራሱ የመሰከረን ሰው ማን ያምነዋል? የሞልቱ ሚስት መቃብር ላይ ያለው ቆርቆሮ ያን ክረምት ተነቅሎ ጠፋ። ማን እንደነቀለው ቀጄላ አልጠየቀም።

አሁን ቀጄላና ንግስት መካኒሳ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ይኖራሉ። እርሱ የሱቅ ሰሌዳ ይስላል፤ የሙሽራ ሳጥን ይቀባል። ፊት ሳልልኝ የሚለውን ይመልሰዋል። ክብ፣ ግማሽ ክብ፣ አበባ፣ ሰማያዊና ቢጫ፤ ሌላ አይሠራም። ወይዘሮ ኤሌኒ አሁንም ባለ ቅል እያለች ትጠራዋለች፤ ሲስቅ ያየሁት እርሷ ጋ ብቻ ነው። አይማረርም፤ ግን ምሬቱ እንደ ጌሾ በሥሩ አለ። ባላምባራስ መኩሪያም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። ሥዕሉ በቦታው አለ። ገብታችሁ ብታዩት፣ ሰውየው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ የሚያየው እኛን ነው። እርሷን ሊያይ ለምኖ ነበር። አሁን ተደፍቶም ጭሰኞቹን የሚቆጥር ይመስላል።

ቀጄላን እጁን ለምን እንደሚዘረጋ በአንድ ንግሥ ጠየቅሁት። አንድ ዓይንህን ጨፍንና መዳፍህን የባላምባራስ ፊት ላይ ልክ አድርገህ ያዝ አለኝ። አደረግሁት። ፊቱ ጠፋ። ከሰማያዊው ጥላ በታች ያ ጀርባ ብቻውን ቀረ፤ የራሴ ኃጢአት ትዝ አለኝ። ቀጄላ ከአጠገቤ ቀስ ብሎ፣ «ፊቱን አስለወጡኝ። ጀርባውን ለውጥ ያለኝ የለም» አለ።

በዘንድሮው አስተርዮ ግን ሌላ ነገር አየሁ። እማማ አማከለች ዓይናቸው ደክሟል። የሰው መልክ አይለዩም፤ ቀለምና ጥላ ብቻ ነው የሚታያቸው። ሰው ጭር ሲል በሥዕሉ ፊት አቆምናቸው። ያን የመጀመሪያውን ሳቅ ያስነሣው የእርሳቸው አፍ መሆኑን ከረሱት ቆይተዋል። ቀጄላ ከኋላቸው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ባልቴቷ ወደ ሰማያዊው ቀና ብለው አማተቡ። ከዚያ ዝቅ ብለው ግርጌውን ተመለከቱ። እንደ ጎነበሱ ስለቆዩ ደከሙ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ይህ ከታች ያለው ቡናማ ነገር ምንድን ነው?» አሉ።

ማንም ሳይመልስ ቀጄላ፣ «ሰው ነው እማማ» አላቸው።

«ምስኪን» አሉ። «እንዴት አድርጎ ነው የሚለምናት! ማርያም ትስማው።»

ቀጄላ እጁን አወረደ። ቀርቦም ከእርሳቸው ጋር ሥዕሉን ተሳለመ።